አራት ፊደል፣ ከላይ ወደ ታች

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ነው ቢሉኝም አልቆጣም፣ ይገባኛልና። ትምህርት ቤትን የተሰናበትኩት ገና በልጅነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ዓይን፣ በራሴ ጭንቅላትና ሰዎች ጥለውት በሄዱት ወረቀት ነው።

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአውሮፕላን ውስጥ ጽዳት ላይ ነው። መንገደኛው በፊት በር ወርዶ ሳያልቅ እኛ በኋላ በር እንገባለን። ጓደኞቼ ትራስና ብርድ ልብስ ሲያነሱ የእኔ ዓይን ጋዜጣ ላይ ነው። የፈረንጅ ጋዜጣ ከኋላው ገጽ ላይ ወደ ጎንና ወደ ታች የሚሞላ የቃላት ጨዋታ አለው። ትርጉሙን ይሰጡሃል፣ የፊደሉን ብዛት ይነግሩሃል፣ ቃሉን አንተ ፈልገህ ባዶዎቹን ሳጥኖች ትሞላለህ። መንገደኛው በጉዞው ላይ ግማሹን ይሞላል፣ ያቃተውን ይተዋል፣ ጋዜጣውን ከፊቱ ካለው ወንበር ኪስ ሰክቶት ይወርዳል። እኔ ይዤው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ሰው የሚያቆመው ከባዱ ቃል ጋ ሲደርስ ነው። ቀላል ቀላሉን ነጋዴውና ዲፕሎማቱ ሞልተውልኛል፤ ለእኔ የተረፈኝ እነሱ ያቃታቸው ነው። ስለዚህ ተምረው የመጡት ሰዎች የተሸነፉለትን እንግሊዝኛ እኔ ለብቻዬ ተማርኩት ማለት ይቻላል። ደግሞም ሌላው ሰው ቃል ይዞ መዝገበ ቃላት ውስጥ ትርጉም ይፈልጋል። እኔ የሠለጠንኩት በተቃራኒው ነው፤ ትርጉሙን ስጡኝ፣ ቃሉን አድኜ አመጣላችኋለሁ።

ይህ ችሎታዬ ለምን እንደተሰጠኝ የገባኝ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሚስቴ ፊቷን የታመመች ጊዜ ነው።

አሁን የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ሚስቴ ጉርድ ሾላ በኪራይ ቤት በኖርንባቸው ዘመናት ልብስ ሰፊ ነበረች። በመቀስ የምትቆርጠው ጨርቅ በሚሊሜትር አይዛነፍም፤ የምትናገረው ቃልም እንደዚያው ነው፣ ትርፍ የለውም። ሕመሙ የጀመራት ባለፈው ክረምት ነው። ከቀኝ ዓይኗ ሥር ተነሥቶ ጉንጯን አልፎ አገጯ ድረስ ይወርዳል። ሲመጣ ዝም ትላለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ፣ በያዘችው ነገር ላይ እጇን ጠበቅ አድርጋ፣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ካለፈ በኋላ ደግሞ ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። ጩኸት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ስንት ወንድ አውቃለሁ፣ እሾህ ወግቶት ሰፈር የሚያስነሣ!

የእኛ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ አንድ አመል አለው። የሚሰማውን አይናገርም፤ የደመደመውን ነው የሚናገረው። «ጨጓራ አለብኝ» ይላል፣ «ብርድ ነው» ይላል፣ «ኩላሊቴ ነው» ይላል። ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚገባው፤ ሐኪሙ እንዲፈጽምለት ብቻ ይፈልጋል። ሚስቴም የጥርስ ሐኪሙን «ጥርሴ ነው፣ ንቀልልኝ» አለችው። ነቀለላት። ትንሽ ፋታ ሰጣትና ተመለሰ። «የጎረቤቱ ነው» አለች፣ ያም ተነቀለ። ሦስተኛው ቀጠሮ ለሰኞ ተይዞ ነበር። ይህኛው መንጋጋዋ ነው። በቀኝ በኩል ከላይና ከታች ገጥመው የሚያኝኩ የቀሩላት ጥርሶች እሱና ከሥሩ ያለው ብቻ ናቸው። በግራ በኩልማ ዕድሜ ቀድሞ ወስዶባታል። እሱ ከሄደ ቆሎም፣ ጥብስም፣ ደረቅ ዳቦም አብረውት ይሄዳሉ። ሕመሙ ግን አብሮ ለመሄዱ ማንም ዋስ የለም።

ሴት ልጃችን በሳምንቱ መጀመሪያ ደወለች። ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከውጭ የመጣ የነርቭ ሐኪም ለጥቂት ቀናት በሽተኛ እንደሚያይ ሰምታ ኖሮ ተራ አስይዛልናለች።

«ነርቭ ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው?» አለች ሚስቴ።

«እሱን እኔ በእንግሊዝኛ እጠይቅልሻለሁ» አልኳት።

«ኧረ ለዚህ ነው እንዴ ልብስህን የተኮስከው?»

እውነት ነው፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ገባን። ሐኪሙ ረጅም፣ ጸጉሩ የሸሸ፣ ሰውን ሲያዳምጥ አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነው። አጠገቡ የቆመችው ነርስ «አባባ፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለችኝ። «ልጄ፣ አንቺ ዕረፊ፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው» አልኳት። ፈገግ ብላ ተወችልኝ።

ሐኪሙ እንደምን ነሽ አላት። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሱስ እንዴት ነው? አገሩ ደህና ነው? ልጆች አሉት?» አለች። አንዲት ሳላስቀር ተረጎምኩ። ሐኪሙ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ነግሯት፣ አሁን ያማት እንደሆነ ጠየቀ።

«አሁንስ ተመስገን ነው።»

«እሺ፣ ሲያማት ምን ይሰማታል?»

«ያው ጥርሴ ነው በለው» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ትንሽ ዓረፍተ ነገር ለሚስቴ ስቃይ አይመጥንም ብዬ አሰብኩ። በእኛ ዘንድ ለትልቅ ጉዳይ ትልቅ ቃል ነው የሚመረጠው። ሹም ፊት የሚቆም ሰው የሰፈር ቋንቋውን በር ላይ ትቶ ይገባል። ስለዚህ ከጎተራዬ ከባድ ከባዱን አወጣሁ። «ኤክስክሩሺዬቲንግ» አልኩ፤ ነፍስ የሚያወጣ ስቃይ ማለት ነው። ነርሷ ዞራ አየችኝ። «አጎናይዚንግ»፣ የሚያጣጥር፣ ብዬ ጨመርኩ። ይህችን የሞላኋት አንድ ቄስ መሳይ ፈረንጅ ጥሏት ከሄደ ጋዜጣ ላይ ነው። ሐኪሙ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝና እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ እንግሊዝኛዎ በጣም ጥሩ ነው። ትልቅነቱን ነገሩኝ፣ ገባኝ። አሁን ዓይነቱን ይንገሩኝ።»

ዓይነቱን! ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሐኪም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ሚስቴ ዞርኩ። እሷም ወደ እኔ ዞረች። ነርሷ ልትረዳኝ ብላ «ስለታም ሕመም» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ጣል አደረገች። ሐኪሙ ስለት ብዙ ዓይነት እንደሆነ በትሕትና ነግሯት፣ አፏን በባትሪ አይቶ፣ እስከ ዓርብ ድረስ እዚህ እንደሚቆይ ገለጸልን። ዓርብ ተመልሰን እንድንመጣ፣ እስከዚያ ሲመጣባት እዚያው በትኩሱ ምን እንደሚመስል እንድጠይቃት አደራ አለኝ። ጥርሷን ግን ከዚያ በፊት እንዳታስነካ አጥብቆ ተናገረ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት የራሳችንን ቋንቋ ነው። አማርኛ ለሕመም እንዴት ያለ ሀብታም ነው! ራስ ይፈልጣል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጎን ይወጋል፣ ጉልበት ይቆረጥማል፣ ቁስል ይጠዘጥዛል፣ ጨጓራ ያቃጥላል። እያንዳንዱ ሥራውን ያውቃል፣ አንዱ የሌላውን አይነካም። እንግሊዝኛም የሚያክለው አለው፤ እኔ እመሰክራለሁ። ችግሩ ሰው ትርጉሙን በትክክል ሳይዝ ቃሉን ፍለጋ መሄዱ ነው።

ያን ዕለት ማታ ጠየቅኳት። «ዓይነቱ ምን ዓይነት ነው?»

«ሕመም ደግሞ ዓይነት አለው እንዴ?» አለች። ነጠላዋን አጣጥፋ ስታበቃ፣ «ብልጭ ብሎ ነው የሚጠፋ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ይህችን «ብልጭ» ይዤ ወረድኩ። ከሕንጻችን ሥር ጥላው ላይ የሚቀመጥ ጎረቤት አለኝ፤ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ዲግሪ አለው፣ በየአጋጣሚው ያነሣዋል።

«መምህር፣ ብልጭ የሚል ሕመም በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

«ፔይን ይባላል። ሁሉም ፔይን ነው፣ ጨርሰሃል።»

«እንዴት ሁሉም አንድ ይሆናል? እንግሊዝ እንደ አንተ ሰነፍ መሰለህ?»

«በል እንግዲህ፣ አንተ የወንበር ኪስ ምሩቅ፣ አንተ ንገረኛ!» ብሎ ሳቀብኝና ስልኩን አወጣ። ለስልኩ «ብልጭ» ብሎ ጻፈለት። ስልኩ ቶሎ ብሎ «ስፓርክል» አለ። የሚስቴ ፊት ላይ ሉል ያንጸባርቅ ይመስል! ሁለታችንም ሳቅን። «ፍላሽ በለው» አለኝ በኋላ፣ ከልቡ ሊረዳኝ ፈልጎ። ፍላሽ ግን የብርሃን ነው፤ ዓይን ያየዋል እንጂ አጥንት አይሰማውም። አልተቀበልኩትም። መምህሩ ትከሻውን ነቀነቀ፣ እኔም ወደ ላይ ወጣሁ።

ያን ቀንና ሐሙስን ሙሉ ሕመሙ አልመጣም። እሷ ደስ አላት፤ እኔ ተጨነቅሁ። አልመጣም ማለት የምጠይቅበት ትኩስ የለኝም ማለት ነው። ሚስቱ ባትታመም የሚጨነቅ ባል ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ዓርብ ጠዋት ከአራብሳ የመገናኛን ሚኒባስ ያዝን። ሞልቷል፣ ሙቀት ነው። እሷ መስኮት ዳር ተቀመጠች፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ነጠላዋን ተሸፋፍናለች። ጉርድ ሾላ ልንደርስ ስንል ከፊታችን የተቀመጠ ጎረምሳ መስኮቱን በአንድ ጊዜ ከፈተው። ነፋሱ ነጠላዋን ገልጦ ፊቷን አገኘው።

እጇ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ልብስ ሰፊ ጣት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ትንፋሿ ቆመ። ዓይኗ ተከፍቷል ግን ምንም አያይም። ከዚያ እጇ ላላ። ሁሉም ነገር ረዳቱ «ጉርድ ሾላ ወራጅ አለ?» ብሎ ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ድረስ አልፏል።

«ዝጋው አንተ ልጅ!» አልኩ ጎረምሳውን። ረዳቱም «ዝጋላቸው፣ እማማን ብርድ እየመታቸው ነው» አለ። ይኸውላችሁ፣ እሱም ፍርዱን ጨርሷል።

«ምን ይመስላል?» አልኳት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ። «አሁን፣ ሳይጠፋ፣ ምን ይመስላል?»

በመስታወቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ሚኒባሱ የድሮውን ሰፈራችንን እያለፈ ነበር። ኪራይ ቤታችን የነበረበት ቦታ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል።

«የዚያን ቤት ማብሪያ ማጥፊያ ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ። «ክዳኑ የተሰበረውን።»

እንዴት እረሳለሁ! ሁለታችንንም መትቶናል።

«ልብስ አጥቤ እጄ እንደረጠበ የነካሁት ዕለት፣ ነዘረኝና ወዲያ ወረወረኝ። ከመደንገጤ በፊት አልቆ ነበር። እሱ ነው። እሱ ራሱ፣ እዚህ ገብቶ።» ጉንጯን ሳትነካው በጣቷ አሳየችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር፣ እስከዚያ ሳምንት ድረስ፣ የሚያማት ነገር ምን እንደሚመስል ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ጠያቂ ባገኘች ጊዜ ግን እንደ ጨርቋ ለክታ ቆርጣ ሰጠችኝ። ትርጉም ማለት ይህ ነው! አሁን ድርሻው የእኔ ሆነ፤ ከጉርድ ሾላ እስከ ቦሌ ባለው መንገድ ላይ ቃሉን ማግኘት አለብኝ።

መገናኛ ወርደን በሰው መሐል ተጋፍተን የቦሌን ታክሲ ስንጠብቅ፣ ዙሪያችን ካልሲና ቻርጀር የሚሸጡት ይጮሃሉ፣ እኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች እያገላበጥኩ ነው። «ሾክ» ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሾክ ሰው መርዶ ሲሰማም የሚይዘው ነው፤ ቆይቶ ይለቃል፣ ያደነዝዛል። የእሷ አይቆይም። መትቶ፣ ነቅንቆ፣ ወርውሮ ይሄዳል። መወርወሩን የያዘ ቃል ነው የምፈልገው።

ታክሲው ውስጥ መጣልኝ። መስኮት ዳር ያለ ወንበር ነበር፣ በክረምት፣ ዝናብ አውሮፕላኑን እየደበደበው። ጋዜጣው ላይ መንገደኛው አንዷን መስመር ጽፎ ሰርዞ፣ ጽፎ ሰርዞ፣ ወረቀቱን ቀዶታል። ትርጉሙ «ድንገት የሚንጥ ምት» ይላል። አራት ፊደል፣ ከላይ ወደ ታች። ያን ጊዜ እኔ የሞላኋት በሠራተኛ ሰርቪስ ወደ ቤት ስመለስ፣ አውቶቡሱ ጉድጓድ ገብቶ ሁላችንንም ከወንበራችን ባነሣን ቅጽበት ነው።

«ጆልት!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ወራጅ ነው?» አለ ረዳቱ።

«ቀጥል፣ ቀጥል። ቃል አግኝቶ ነው» አለች ሚስቴ።

ሐኪሙ ክፍል ስንገባ ወንበር እንኳ አልሳብኩም። ትልልቆቹን ቃላት ሁሉ ቤቴ ትቻቸው መጥቻለሁ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብዬ፣ እሷ በነገረችኝ ቅደም ተከተል ተናገርኩ፦ በእርጥብ እጅ የተነካ የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ አንድ ጆልት፣ ከመደንገጧ በፊት ያለቀ። ነፋስ ሲነካት እንደመጣም ነገርኩት።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ኤሌክትሪክ ሾክ ማለትዎ ነው?»

«የለም ጌታዬ፣ ሾክ ይቆያል። ይህኛው ወርውሮ ይሄዳል።»

ሐኪሙ ሳቀ፣ ግን የሚያፌዝ ሳቅ አልነበረም። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደረድር ጀመር። ፊቷን ስትታጠብ ይመጣል? ይመጣል። ስታኝክ? አዎ። ስታወራስ? አንዳንዴ። በመሐሉ ምንም የለም? ምንም። በጥጥ ጫፍ ጉንጯን እንደ ዝንብ እግር ዳሰስ ሲያደርጋት፣ እጇ የወንበሩን ክንድ ጭብጥ አደረገ። እሱም ወዲያው ጥጡን አነሣ፣ ይቅርታ ጠየቃት። እንዲህ ያለ ሐኪም እናቱን ይባርክለት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ነገረኝ፣ እኔም ለእሷ ነገርኳት። የፊት ነርቭ ነው። ጥርሱ ጤነኛ ነው፣ የተነቀሉትም ሳያጠፉ የተቀጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለማረጋገጥ የጭንቅላት ፎቶ ትነሣለች፣ እሱ ሲሄድ እዚያው ያለች የአገራችን ሐኪም ትከታተላታለች፣ ዛሬውኑ የምትጀምረው ኪኒን አለ።

«ሰኞስ?» አለች ሚስቴ። «ለሰኞ ቀጠሮ አለኝ በለው።»

ተረጎምኩ። ሐኪሙ ጣቱን እያወዛወዘ የመለሰላትን አስተርጓሚ ሳያስፈልጋት ገባት። ከአፏ ላይ ነጠላዋን አውርዳ ሳቀች። ነርሷ በር ድረስ ሸኘችንና «አባባ፣ እንግሊዝኛ የት ነው የተማሩት?» አለችኝ።

«ከአየር ላይ» አልኳት። ውሸት ነው?

ፎቶውን ተነሣች፤ ሐኪሟ አይታ ነገሩ እንደተባለው መሆኑን አረጋገጠችልን። ኪኒኑ መጀመሪያ አካባቢ ያዞራት ነበር፣ መጠኑን አስተካከሉላት። መምህሩ ጎረቤቴ ታሪኩን ከእኔ ደጋግሞ ሰምቷል። «ጆልት ትክክል ናት» ብሎ ፈረደ፤ «ግን እኔም ፍላሽ ብዬ ተጠግቼ ነበር።» ተጠግቶ ነበር እንበልለት፤ ጎረቤት ነው።

በቀደም ዕለት ደግሞ ለክትትል ስንሄድ እንደገና የመገናኛን ሚኒባስ ያዝን። እሷ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ከቦርሳዋ የሽንብራ ቆሎ አውጥታ በቀኝ መንጋጋዋ ቀስ እያለች ትቆረጥማለች፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። ሙቀቱ ያው ነው፣ ሰው ታጭቋል። ጉርድ ሾላ ልንደርስ ስንል እጄን አስቀድሜ ጉልበቴ ላይ አኖርኩላት፣ ከመጣባት እንድትይዘው።

አልያዘችውም። ከፊታችን ወደተቀመጠው ሰው ጎንበስ አለችና፣

«ልጄ፣ እስቲ መስኮቱን ክፈተው» አለችው።

ከፈተው። ነፋሱ ገባ። ነጠላዋን ራሷ ገለጥ አድርጋ ፊቷን ሰጠችው። ጠበቅን፣ ሁለታችንም። ረዳቱ ወራጅ ጠየቀ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። ምንም አልመጣም። ቆሎዋን ወደ እኔ ዘረጋችልኝና፣

«ምንም ያለመምጣቱስ፣» አለች፣ «እሱ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

እያሰብኩበት ነው።